ሁለተኛው ወፍጮ የት ይተከል?

ዶክተር ዘሀራ ማረፋቸውን ደውለው የነገሩኝ ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ከቤተሰባቸው ወይም ከዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው አንዱ ሳይደውልልኝ፣ በወፍጮ ጉዳይ ሲከራከሯቸው የኖሩት የመርሳው ነጋዴ ቀድመው ሰሙ፤ ቀድመውም ደወሉ። "ደሳለኝ፣ ያቺ ሴት ወደ አኼራ ሄደች" አሉኝ። "ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው?" አሉ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ድምፅ ተከተለና ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ወልድያ ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ከግቢው አልፎ አስፋልቱ ጠርዝ ደርሷል። ተማሪዎቻቸው፣ መምህራን፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ከመርሳና ከውርጌሳ በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ሴቶች ቦታ ይዘዋል። ሐጂ ከመሐል ተቀምጠው ሟቿ አህያ እየነዱ መርሳ የገቡበትን ቀን ያወራሉ። ሰዉ አፉን እየሸፈነ ይስቃል። የዶክተር ታላቅ እህት ከውስጥ ብቅ ሲሉ ሁላችንም ደንግጠን ጸጥ አልን። እሳቸው ግን "ለምን አቋረጣችሁ? እኔም ልስማ እንጂ" ብለው ከሐጂ አጠገብ ተቀመጡ። እኔም እንግዲህ የማውቀውን ልጻፍ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ዶክተር ዘሀራ ይማም የሒሳብ መምህር ነበሩ። የተማሩበት ዘርፍ ኦፕቲማይዜሽን ይባላል፤ ካሉት አማራጮች ሁሉ የተሻለውን በስሌት መፈለግ ማለት ነው። ከዚያም ውስጥ አንዲት ጠባብ ጥያቄ ይዘው ነው ዕድሜያቸውን የገፉት፤ ተፎካካሪ ባለበት ገበያ ሱቅ፣ ፋርማሲ፣ ወፍጮ የት ቢተከል ይሻላል? ይህን ጥያቄ በእንቅልፋቸውም የሚተዉት አይመስለኝም። አዲስ ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማደሪያ ወይም ምግብ ቤት አልነበረም። "እዚህ ከተማ ሁለተኛው ፋርማሲ የት ነው የተከፈተው?" ይላሉ። ለምን ስለ መጀመሪያው አይጠይቁም ሲባሉ "የመጀመሪያው እንደ ልቡ ነው የቆመው። ሁለተኛው ግን አስቦ ነው" ይሉ ነበር።

አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ከረጅም ቀሚስ ሥር ነጭ ስኒከር የሚጫሙ ሴት ነበሩ። ጠመኔያቸውን አናጢ እርሳሱን እንደሚሰካው ከጆሯቸው ጀርባ ይሰኩታል። ሲያስቡ መነጽራቸውን አውልቀው አንዱን እግሩን ይነክሳሉ። የሰውን ሱቅ ትክክለኛ ቦታ ሲፈልጉ የሚውሉት ሴት የራሳቸውን የቢሮ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ አንድም ቀን አውቀው አያውቁም፤ ከክፍል ስንወጣ እኛ ተማሪዎቻቸው ግማሾቻችን ቁልፍ ፈላጊ ነበርን።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያስተማሩን ኮሪደር ላይ ነው። ተማሪውን በሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በግድግዳው ልክ አሰለፉን። ሁለት ልጆች መርጠው "እናንተ ጁስ ሻጮች ናችሁ። ሌላው ሁሉ ጠምቶታል፤ ከሚቀርበው ሻጭ ይገዛል። ቦታችሁን ምረጡ" አሉ። ሁለቱ ልጆች ተራ በተራ ደንበኛ ለመሻማት አንድ አንድ እርምጃ እየተጠጉ፣ በመጨረሻ ኮሪደሩ መሐል ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ የተነቃነቀ ደንበኛ ያጣል።

"ጫፍ ላይ ያላችሁት ምን ተሰማችሁ?" አሉ።

"ራቀን" አልን።

"አያችሁ፣ ሁለቱም ሻጮች ብልሆች ናቸው። ገዢው ግን ለፋ።" ከዚያ ይዘውን ወጥተው፣ የሞባይል ጠጋኞች ተደርድረው የሚሠሩበትን የወልድያን መንገድ ከላይ እስከ ታች አስጎበኙን። ሁልጊዜ የማልፍበት መንገድ ነበር። የዚያን ዕለት ግን እንደ አዲስ አየሁት።

አንድ የባጃጅ ሾፌርም ትዝ ይለኛል። መናኸሪያ ደጃፍ ሰልፉ በዝቶበት ሲያማርር ሰምተው ለምን ሆስፒታሉ በር ላይ እንደማይቆም ጠየቁት። እሱም ሄዶ ቆመ፤ ጥቂት ጊዜም ቀናው። ወዲያው ግን ሌሎቹ ተከትለውት መጡ። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው "ዶክተር፣ ጉድ ሠሩኝ" አላቸው።

"እንዴ፣ ካንተ በኋላ የሚመጡት የት ይቆማሉ ብዬ ጠይቄህ አልነበር? ያን ጊዜ አልመለስክልኝም።"

"ታዲያ አሁን የት ልቁም?"

"አሁን መናኸሪያው ባዶ ሆኗል" አሉት። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ሲያያቸው ሳይጭናቸው አልፎ አያውቅም።

እኔ ተመርቄ በሐብሩ ወረዳ የኅብረት ሥራ ባለሙያ ሆኜ መርሳ ተቀመጥኩ። ከከተማው በላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከኮረብታው ሥር ሦስት ጎጦች አሉ። በዚያ የነበረው ወፍጮ በጦርነቱ ጊዜ ከጥቅም ውጪ ስለሆነ፣ ሴቶቹ ማሽላና ጤፋቸውን በጀርባቸውና በአህያ ጭነው መርሳ ድረስ ይወርዱ ነበር። መርሳ ላይ ደግሞ ወፍጮው የሐጂ እንድሪስ ነው። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ብቻቸውን ነበሩ። ብቻውን የሆነ ነጋዴ አይቸኩልም፤ ወረፋው ሲረዝም ሴቶቹ ልጅ እያዘሉ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ሞተሩ ከተበላሸም ነገ ኑ ይባላሉ።

ሴቶቹ ተደራጅተው፣ ቆጥበው፣ ድጋፍም አግኝተው የራሳቸውን ወፍጮ ሊገዙ ተነሡ። ሊቀመንበራቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ ቀጥ ያሉ፣ ሳቅ የማያበዙ፣ የተናገሩትን የማይለውጡ ሴት። ጥያቄው ወፍጮው የት ይተከል የሚለው ሆነ። አብዛኛው አባል "ሰው ያለው ገበያ ነው፤ መርሳ፣ ከሐጂ አጠገብ" አለ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ የገጠሙት ልጆች ታወሱኝ። ያኔ ጫፍ ቀርተን "ራቀን" ያልነው እኛ ነበርንና። ለዶክተር ዘሀራ ደወልኩ። ለገበያ ቀን ቅዳሜ ልምጣ አሉኝ፤ መጡም።

ስብሰባው መርሳ፣ በተፈቀደልን አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዶክተር ወንበሮቹን ወደ ዳር አስነሥተው፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ አስፋልቱን፣ ወንዙን፣ ጎጦቹንና ከውርጌሳ የሚመጣው መንገድ የሚገነጠልበትን ቦታ ሣሉ። መብራት የማይደርስበትን ቦታ በመስቀል ሰረዙ። ከዚያ ከወይዘሮ ጥሩወርቅ አንድ ጣሳ ማሽላ ተቀብለው ሰው ያለበት ቦታ ላይ በተኑ። አንድ ፍሬ አንድ ቤት ነው። ወፍጮ ደግሞ ጠጠር ነው።

"እናንተ ማኅበሩ ናችሁ። እኔ ሐጂ ነኝ" አሉ። "ቦታ ምረጡ፤ እኔ ሌላ ወፍጮ ተክዬ እመልሳለሁ።"

ሴቶቹ ገበያው ላይ ጠጠር አስቀመጡ። ዶክተር ወደ ጎጦቹ ትንሽ ጠጋ ብለው የራሳቸውን ጠጠር አኖሩና የማሽላውን አብዛኛውን ጠራርገው ወሰዱ። ሴቶቹ ደግሞ ጎጦቹ መሐል አስቀመጡ። ዶክተር አሁንም ጠጋ ብለው ቆረጧቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቅንድባቸውን ሰብስበው "እርስዎ ሐጂን ሲሆኑ ከሐጂ ይብሳሉ" አሉ።

"ሥራዬ ነዋ" አሉ ዶክተር። "ስሙኝ፤ ዝም ብሎ ምርጥ የሚባል ቦታ የለም። ለእያንዳንዱ ቦታ፣ ባላንጣችን ሊሰጠን የሚችለውን መጥፎ መልስ እንፈልጋለን። ከዚያ መጥፎው መልስ ቢመጣም የተሻለ ድርሻ የሚያስቀርልንን ቦታ እንመርጣለን። በቃ፣ እኔ ቦርሳ ሙሉ ወረቀት የጻፍኩት ስለዚህ ነው።" ላፕቶፓቸው ላይ አስቀድመው ሠርተውት ነበር፤ ግን ሴቶቹ በእጃቸው እንዲያገኙት ነው የፈለጉት። አገኙትም። መገንጠያው ነበር። እዚያ ጠጠር ከተቀመጠ፣ ሐጂ የትም ቢተክሉ ማኅበሩ የማሽላውን ጥሩ ድርሻ ይይዛል።

ሴቶቹ እልልታ ሊያሰሙ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙ። "ይኸ ነገር ከዚህ አዳራሽ እንዳይወጣ" አሉ።

ዶክተር መነጽራቸውን አውልቀው ነከሱ። "ለምን? ጥሩ መልስ ባላንጣው ቢያውቀውም ጥሩ ነው። ድብቅ ካልሆነ የማይሠራ መልስ ደካማ ነው" አሉና ጥቂት ቆይተው ወጡ። ለሰላት የወጡ መስሎን ነበር። ሲመለሱ ሐጂ እንድሪስን ይዘው ነው።

ሐጂ ኮፍያቸውና ሽፋሽፍታቸው ዱቄት ለብሶ በሩ ላይ ቆሙ። "አሰላሙ አለይኩም። ምንድን ነው፣ ማሽላ ፈሰሰባችሁ እንዴ?"

"ጨዋታ ነው፣ ሐጂ። እኔ እርስዎን ሆኜ ስጫወት ነበር፤ ደከመኝ። እርስዎ ራስዎን ይሁኑ።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ እኔን ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። ሐጂ ጉልበታቸውን እያሻሹ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ እንደ ልጅ ጨዋታ ናቁት። ማኅበሩ መገንጠያው ላይ ጠጠር ካስቀመጠ በኋላ የትም ቢሞክሩ እንደማይቀናቸው ሲያዩ ግን "እስቲ ድገሙ" አሉ። ደገሙ። "ወላሂ ይኸ ነገር አለው። እስቲ አንዴ" አሉ። ሲሄዱ ስቀው፣ ሁሉንም መርቀው ነው የሄዱት። እኔ ግን በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር ብለው መገንጠያውን ረጅም ጊዜ ሲያዩት አይቻለሁ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከውርጌሳ በሚኒባስ ስመለስ መገንጠያው ጋ የአሸዋ ክምርና ሲሚንቶ የሚያቦኩ ሰዎች አየሁ። ወርጄ ጠየቅኩ። ቦታውን የተከራዩት ሐጂ እንድሪስ ናቸው፤ አዲስ ወፍጮ ሊተክሉ ነው። የማኅበሩ ማመልከቻ ገና ከቢሮ ቢሮ ይዞር ነበር። ዶክተር ዘሀራ ጋ ደወልኩና ነገርኳቸው። ቀስ ብለው "ማን ቀድሞ እንደሚተክል ረሳሁ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይጠራቸው መጡ። አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ድባብ አልረሳውም። ሰላምታ እንኳ በስስት ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተነሥተው ቆሙ። "ዶክተር፣ እኛ እህል ልናስፈጭ ነበር የተደራጀነው፤ እርስዎ እኛን አስፈጩን። እንዳይወጣ ብዬ ነበር። ሰውዬውን እጁን ይዘው አምጥተው አሳዩት።"

እኔ ስለ እሳቸው ልናገር ተነሣሁ። ዶክተር በእጃቸው አስቀመጡኝ።

"እውነትዎን ነው" አሉ። "ስሌቱ ልክ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። መልሱ ጥሩ የሚሆነው ቀድሞ ለተከለው ነው። እኔ ደግሞ እንደ መምህር ጨዋታው ስለጣመኝ፣ ቀድሞ ሊተክል ለሚችለው ሰው አሳየሁት። የናንተን ዕድል በወሬዬ አባከንኩ።" ጠመኔውን ከጆሯቸው አውርደው እያሹ ቆዩ። "አሁን ሁለተኛ ሆነናል። ሁለተኛ መሆን ምን እንደሚያስገኝ ልሥራው። የማይረባ ነገር ይዤ ከመጣሁ አባርሩኝ።"

"የት ሆነው ነው የሚሠሩት?" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ ቁጣቸው ገና አልበረደም።

"እርስዎ ቤት፣ ካስጠጉኝ። መንገዱን ከነጭነቱ ልሂደው።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰው እንዲህ ሲል እምቢ የሚሉ ሴት አይደሉም። ወሰዷቸው። ዶክተር ዘሀራ ጎጡ ውስጥ ሰንብተው፣ ሴቶቹ እህል ይዘው በወረዱ ቁጥር አብረው ወረዱ። መጀመሪያ ጀርባቸው ላይ ትንሽ ማሽላ አሠሩ፤ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ድንጋዩ ላይ ተንሸራተው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አህያ ተሰጣቸው። ያቺን አህያ እየነዱ፣ ስኒከራቸው ጭቃ ጠጥቶ፣ ሻሻቸው ላይ ገለባ ተሰክቶ መርሳ ሲገቡ ከተማው ቆሞ አያቸው። አንድ የሚያውቃቸው መምህር ከሱቅ በረንዳ ላይ ሆኖ "ዶክተር፣ ደሞዝ በእህል ሆነ እንዴ?" አላቸው።

"አይ፣ ቢሮ ቀይሬ ነው" አሉት ሳይቆሙ።

ሐጂ ወፍጮ ሲደርሱ ወረፋ ያዙ። ሐጂ ሲያዩዋቸው ከመዘኑት እህል ላይ እጃቸው ቀረ። "አንቱ ዶክተር፣ ይለፉ እንጂ፤ እንዲህ አይቆሙም" አሉ። ዶክተር "እነዚህ ካላለፉ አላልፍም" ብለው ሴቶቹን አሳዩ። ሐጂ ፊታቸው ቀላ፤ ቆሞ የነበረው ሁለተኛ ሞተርም እንዲነሣ አዘዙ። ያን ዕለት ወረፋው ፈጥኖ አለቀ።

ዶክተር ከጎጡ ሲመለሱ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ፣ ዓይናቸው ግን በርቶ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ካርታውን እንደገና ሣሉ። "የመጀመሪያው ካርታዬ ላይ ወንዙ መስመር ብቻ ነበር" አሉ። "ጭነት ለያዘች ሴት ግን ወንዙ ተራራ ነው። በክረምት ደግሞ ግድግዳ ነው። እኔ ርቀቱን በባዶ እጄ ነበር የለካሁት።" መገንጠያው ላይ የሐጂን ጠጠር አስቀመጡና በጣታቸው ተጭነው ያዙት። "ይኸ ጠጠር ከእንግዲህ አይነሣም። ሲሚንቶው ደርቋል። አሁን የኛን የት እናስቀምጥ?"

ሴቶቹ ካርታውን ከበቡት። ጠጠሩን ያስቀመጡት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ፣ የሦስቱ ጎጦች መንገዶች የሚገናኙበት፣ መብራቱም የሚያልፍበት ሜዳ ላይ። የጎጦቹ ማሽላ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ እሱ ሆነ። ከመጀመሪያው መልስ በለጠ።

"ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ይኸን አላሉንም?" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

"መጀመሪያ እዚያ ብንተክል ሐጂ ከኛ ትንሽ ከፍ ብለው ይተክሉና ሁሉንም ቀድመው ይቀበሉ ነበር። አሁን ግን አቅማቸውን መገንጠያው ላይ አዋሉት። ቀድሞ የተከለ ሰው ቦታውን ያሳያል፤ ሁለተኛው አይቶ ይመርጣል። ይኸን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ አስተምረዋለሁ፤ ዘንድሮ ገና ገባኝ።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሁላችንም እሳቸው ስለሳቁ ሳቅን።

ወፍጮው ክረምቱ ሳይገባ ተተከለ። ዝናቡ መጥቶ ወንዙ ሲሞላ ሴቶቹ ሳይሻገሩ አስፈጩ። በምረቃው ቀን ሐጂ እንድሪስ ሙክት ይዘው መጡ። ሁሉም ሰው ምን ሊሉ ነው ብሎ ይጠብቅ ነበር። ቀጥ ብለው ዶክተር ዘሀራ ፊት ቆሙ። ያን ቀን "አንቱ" ማለቱን ትተውታል።

"አንቺ ሴት፣ ጨዋታውን አሳየሽኝ። ቀደምኩሽ። አሁን ደግሞ ቆረጥሽኝ። ይኸ ምን ዓይነት ነገር ነው?"

"ሐጂ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መገንጠያው ላይ ሰው አጡ?"

ሐጂ አንገታቸውን አከኩ። "አላጣሁም። ከውርጌሳ በኩል የሚመጣው ሁሉ እኔ ጋ ነው።"

"ድሮ እነዚያ የት ይሄዱ ነበር?"

"ሩቅ ነበር የሚሄዱት... ኧረ አብሽሪ፣ በቃሽ፣ ገባኝ" አሉና ሙክቱን ለወይዘሮ ጥሩወርቅ አስረከቡ።

ግን በዚህ አላቆሙም። ሰው ቅርበትን ብቻ እንደማያይ ዶክተር ነግረዋቸው ነበር፤ ሩቅ ያለ ነገርም ጥሩ ከሆነ ይስባል፤ "ስበት" ይሉታል። ሐጂ መገንጠያው ላይ አህዮች የሚጠጡበት ገንዳ አሠሩ። ማኅበሩ ይኸን ሰምቶ እህል የሚበጠርበት ንጹሕ ወለል አነጠፈ። ሐጂ ሸክም የሚያወርድ ጎረምሳ ቀጠሩ። ማኅበሩ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ መሥራት ጀመረ። ዶክተር መርሳ በመጡ ቁጥር ሁለቱንም ይጎበኛሉ፤ ግማሽ እህል እዚህ፣ ግማሽ እዚያ ያስፈጫሉ። አንዱ ስለ ሌላው ሲጠይቃቸው "ሄዳችሁ እዩት" ነበር መልሳቸው። ሁለቱም ወፍጮዎች ዛሬም አሉ።

ሐጂ ወደ ወልድያ ለጉዳይ ሲሄዱ ዩኒቨርሲቲው ጎራ ማለት ለመዱ። ኪሳቸው ውስጥ ጠጠር ይዘው ነው የሚሄዱት። አንድ ጊዜ ዶክተርን ልጠይቅ ስሄድ፣ ተማሪዎች ቢሮው ደጃፍ ተሰብስበው አገኘኋቸው፤ ሐጂ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሐራ ከተማ ላይ የዘይት መጭመቂያ የት ቢተክሉ እንደሚሻል ከዶክተር ጋር ይጨቃጨቃሉ። ዶክተር የተፎካካሪውን ቦታ ይዘው አላስቆም አላስቀምጥ ብለዋቸዋል። ሐጂ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው "ይቺን ሴት እንዴት ነው የምትችሏት?" አሉ። አንዲት ተማሪ "አንችላቸውም፤ ፈተናቸውን ነው የምንወድቀው" አለች።

በሕይወት ሳሉ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ወፍጮዎቹን ጎብኝተው ከመርሳ ወደ ወልድያ ልሸኛቸው ስሄድ ነው። ጥቂት ከስተው ነበር፤ እኔ ግን ልብ አላልኩም፤ ወሬያቸው አልከሳምና። አስፋልቱ ዳር መኪና ስንጠብቅ ለዓመታት ውስጤ የነበረውን ጠየቅኳቸው።

"ዶክተር፣ የዚያን ዕለት ሐጂን በማምጣትዎ ይቆጫሉ?"

"ሴቶቹን ስላስደነገጥኩ ይቆጨኛል" አሉ። "ሐጂን ስላመጣሁ ግን አይቆጨኝም። ስሌቴ ውስጥ የነበሩት ሐጂ እኔ የፈጠርኳቸው ሰው ናቸው፣ ደስዬ። ከደንበኛ በቀር የሚያስቡት የለም፤ አያፍሩም፣ ጉልበታቸውን አያማቸውም፣ ሙክት ይዘው አይመጡም። እውነተኛው መጥተው ወለሉ ላይ ሲቀመጡ፣ ያን ጊዜ ነው ሥራዬ ስለ ሰው መሆኑ ትዝ ያለኝ።"

የወልድያ ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ ቦርሳቸውን ተቀብሎ አስገባ፤ እሳቸውም አንድ እግራቸውን አነሡ። እዚያው ላይ ቀሩ። ከመንገዱ ማዶ ማንጎ ሻጮች መኪና በሚቆምበት ቦታ ተደርድረዋል። አንዲት ሴት ግን ከሁሉም ርቃ፣ ብቻዋን፣ ማንጎዋን በሰፌድ ይዛ ቆማለች።

"ያቺን ሴት አየሃት?" አሉኝ። "ከሁሉም ተነጥላ። መኪናው ፍጥነቱን ሳይጨምር ቀድማ ልታገኘው ነው... ወይስ ከበስተኋላ የሚመጣውን ነው? ለምን ይሆን እዚያ የቆመችው?"

"እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ እንሂድ" አለ ረዳቱ።

"ሂድ አንተ፣ ቦርሳዬን ስጠኝ" አሉትና ቦርሳቸውን ተቀብለው መንገዱን ተሻገሩ። ሚኒባሱ ጥሎን ሄደ። ተከትያቸው ስደርስ ሴትዮዋን ሰላም ብለው፣ መነጽራቸውን ነክሰው፣ በጣም በቁም ነገር ይጠይቋታል።

"የኔ እናት፣ ሌሎቹ እዚያ ሆነው አንቺ እዚህ የቆምሽበት ምክንያት ምንድን ነው?"

ሴትዮዋ ዶክተርን ከራስ እስከ እግራቸው አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ወዳጠለላት ትልቅ የማንጎ ዛፍ አየች። "እዚያ ፀሐይ ነው፣ እቴ" አለች።

ዶክተር ዘሀራ እስኪያነቡ ሳቁ። ሴትዮዋም ምን እንዳሳቃቸው ባታውቅም አብራ ሳቀች፤ ኬሻ አንጥፋ ተቀመጠችና ግማሹን ለቀቀችላቸው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው አጠገቧ ተቀመጡና፣ ቀጣዩ መኪና እስኪመጣ ድረስ ማንጎ እየላጡ ስለ ልጆቿ ይጠይቋት ጀመር።